ድምፅ ከመስጠት በፊት፦ የመምረጥ መብት ትምህርት በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ

የአሜሪካ የመራጮች ትምህርት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ነው። በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛ ውጤት ካስገኙት የመራጮች ትምህርቶች አንዱ የተጀመረው ግን በመደበኛ ትምህርት ቤት ሳይሆን በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበር። ቦታው በደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛት የሚገኘው ጆንስ ደሴት፣ ጊዜውም ጥር 1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፊት ሸቀጥ ይሸጣል፤ ከኋላ ደግሞ የነጮች ዐይን እንዳያርፍባቸው ተብሎ ጥቁር አሜሪካውያን ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ይማራሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በክፍለ ግዛቱ ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል በመዝጋቢው ፊት እንዲያነብ ይጠየቅ ነበር። በዘር ምክንያት ማንም ዜጋ የመምረጥ መብቱ እንዳይነፈግ 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከ1870 ጀምሮ ቢደነግግም፣ ይህን የመሰለው ፈተና በወረቀት የተሰጠውን መብት በተግባር መልሶ ይነሣ ነበር። የደሴቱ ነዋሪ ኢሳው ጄንኪንስ ሠራተኞችን በአውቶቡሱ ወደ ቻርልስተን ከተማ ሲያመላልስ፣ በመንገድ ላይ ለፈተናው የሚጠየቀውን የሕገ መንግሥት ክፍል ለተሳፋሪዎቹ ያስጠና ነበር። የትምህርቱ ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ዕቅዱን ያበጀችው ሴፕቲማ ክላርክ ለረጅም ዓመታት መምህርት የነበረች ስትሆን፣ የጥቁር ሕዝቦች መብት ተሟጋች ከሆነ ማኅበር አልወጣም በማለቷ በ1956 ከሥራ ተባርራለች።

የመጀመሪያዋ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን በሙያዋ ፀጉር ሠሪ ነበረች። የማስተማር ልምድ አልነበራትም፤ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው፤ አዘጋጆቹ ጎልማሶቹን እንደ ሕፃን የሚያይ መምህር አልፈለጉም ነበር። ተማሪዎቿን ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማቸውን መጻፍ፣ የገንዘብ ማዘዣ መሙላት፣ ከልጆቻቸው የሚመጣ ደብዳቤ ማንበብ ፈለጉ። ትምህርቱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምዝገባ ቅጹ ደረሰ። የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫንም ግድግዳው ላይ ሰቅላ ትምህርቱ ሲያበቃ ሁሉም እንዲያነቡት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። መብትን ከንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከሚሞላ ወረቀት መጀመር የዚህ ትምህርት ዋነኛ ብልሃት ነው፤ የዛሬው የወጣቶች ትምህርትም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ከጎልማሶች ወደ ልጆች የተሸጋገረው በ1964 በጋ በሚሲሲፒ ነው። በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ኮብ የነጻነት ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያ በጋም ከ40 በላይ ተከፈቱ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ድምፅ ለመስጠት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ነበር። ሆኖም የክፍለ ግዛታቸው ሕግ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወላጆቻቸው ለምን እንደማይመዘገቡ ይማሩ ነበር፤ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፤ አንዳንዶቹም ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ለምዝገባ ያግባቡ ነበር። ይህ ተራ የክረምት ትምህርት አልነበረም። ዘመቻው ገና ሲጀምር፣ በሰኔ 21 ሦስት ወጣት ሠራተኞች ተገድለዋል፤ የመጨረሻው ታናሽ 20፣ ትልቁ 24 ዓመቱ ነበር። በነሐሴ 6 ቀን 1965 የተፈረመው የመምረጥ መብት ሕግ የማንበብ ፈተናን በደቡብ አገደ።

የወጣቶች የራሳቸው መብት ጥያቄ የመጣው በሌላ በር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የውትድርና ምልመላ ዕድሜ ወደ 18 ሲወርድ የመራጭነት ዕድሜ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት 21 እንደሆነ ቀረ። ጆርጂያ በ1943 ቀድማ ወደ 18 ዝቅ አደረገች። በቬትናም ጦርነት ዘመን ጥያቄው በረታ። ኮንግረስ በ1970 ዕድሜውን በሕግ ወደ 18 ሲያወርድ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኮንግረስ ይህን ማድረግ የሚችለው ለፌዴራል ምርጫ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ለክፍለ ግዛቶች ሁለት የመራጮች መዝገብ የመያዝ ጣጣ አመጣ፤ የ19 ዓመት ወጣት ለፕሬዚዳንት መርጦ ለገዥው ሳይመርጥ ሊቀር ነው። ከዚህ ጣጣ መውጫው 26ኛው ማሻሻያ ሆነ። ኮንግረስ በመጋቢት 1971 አሳለፈው፤ ክፍለ ግዛቶቹም እስከ ሐምሌ 1 ድረስ አጸደቁት። በአሜሪካ ታሪክ እንዲህ በፍጥነት የጸደቀ ማሻሻያ የለም።

ማሻሻያው መጽደቁ ግን ወጣቱ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት አልነበረም። በቴክሳስ ዎለር ካውንቲ የሚገኘውና በታሪኩ የጥቁር አሜሪካውያን ተቋም የሆነው የፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመዝገብ ሲቀርቡ የተለየ መጠይቅ ይሰጣቸው ነበር፤ በካውንቲው ንብረት አለህ? ሥራ ይዘሃል? ከተመረቅህ በኋላ እዚህ ትቀራለህ? የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩበት። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 ለተማሪዎቹ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ተማሪ በሚማርበት ቦታ መምረጥ የሚችል መሆኑ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ይሁንና የትኛው አድራሻ «መኖሪያዬ» ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ከሚያደናግሩት ዋነኛው ነው።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2020 ምርጫ ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉ ዜጎች 51.4 በመቶ ድምፅ ሲሰጡ፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ካሉት 76 በመቶ ሰጥተዋል። ልዩነቱን በወጣቶች ግድየለሽነት ማስረዳት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ጆን ሆልባይንና ሰንሻይን ሂሊገስ በ2020 ባሳተሙት ጥናት አብዛኞቹ ወጣቶች የመምረጥ ፍላጎት እንዳላቸው፣ የሚያቅታቸው ግን ፍላጎቱን እስከ ድምፅ መስጫው ቀን ድረስ ማድረስ እንደሆነ ያሳያሉ።

እንቅፋቶቹም ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን ይደራረባሉ። ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ የሥራና የትምህርት ቀን። የምዝገባ ሥርዓቱ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ኖርዝ ዳኮታ ምዝገባ የላትም፤ አንዳንዱ በምርጫው ዕለት ይመዘግባል፤ ሌላው ከ30 ቀን በፊት ይዘጋል። ወጣት ደግሞ ከማንም ይልቅ ቤት ይቀያይራል፤ አድራሻውን በቀየረ ቁጥርም ምዝገባውን ማስተካከል ይጠበቅበታል። የተለመደው የሥነ ዜጋ ፈተና ግን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት መቶ መሆናቸውን እንጂ የምዝገባ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ አይጠይቅም። መቶውን በትክክል የመለሰ ተማሪ ቀነ ገደቡ አልፎበት ቤቱ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ ነው ተግባራዊ መንገዶች የበለጠ ትኩረት የሚገባቸው። በርካታ ክፍለ ግዛቶች የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት አስቀድሞ እንዲመዘገብ ይፈቅዳሉ፤ 18 ሲሞላው ስሙ ከመራጮች መዝገብ ይገባል። በካሊፎርኒያ 16 ዓመት የሞላው ተማሪ በምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ዜጋ ያልሆነ ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪም ይፈቀድለታል። መምረጥ የማይችል ወጣት የምርጫውን አሠራር ከውስጥ ያያል ማለት ነው። በሜሪላንድ የምትገኘው ታኮማ ፓርክ ከዚህም አልፋ በ2013 የማዘጋጃ ቤት ምርጫን ለ16 ዓመት ነዋሪዎች ከፈተች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ናት። ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በዚያችው ከተማ ምርጫ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይሳተፋሉ።

ታኮማ ፓርክ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ትዋሰናለች፤ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦች ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። በ1975 የተጨመረው የመምረጥ መብት ሕግ ድንጋጌ የምርጫ ሰነዶች እንዲተረጐሙ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ የተናጋሪዎቹ ቁጥር የፈለገውን ያህል ቢበዛ በፌዴራል ሕግ አይካተትም፤ ዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የራሷ የቋንቋ ሕግ ግን አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች ቦታዎች የትርጉም ሥራው በልጆች ትከሻ ላይ ይወድቃል። በ1982 የገባው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የተከለከሉት አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪልና የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ናቸው። ልጅ እናቱን ወይም አባቱን አጅቦ ድምፅ መስጫው ዘንድ መግባት እንደሚችል የሚያውቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው።

በእነዚህ ቤተ ሰቦች ውስጥ የትምህርቱ ጉድለት ከሌላው ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት አንድ ነጥብ አለ። ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ምርጫ የደረሱ ተማሪዎችን በጅምላ ሲያስመዘግቡ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮም ቅጹን ሲያቀርብ፣ ቅጹ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዜግነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ወጣት ጓደኞቹን ተከትሎ «አዎ» ብሎ ቢፈርም፣ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ራሱን በሐሰት ዜጋ ማለቱ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። «ግሪን ካርድ ካለህ አትፈርም» የሚለውን ቀላል ማስጠንቀቂያ የማይጨምር የመራጮች ትምህርት ለስደተኛ ልጅ ወጥመድ ነው።

የዚህ ተቃራኒም ይገጥማል። በ2000 የወጣውና ከየካቲት 2001 ጀምሮ የጸናው የልጆች ዜግነት ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና በቋሚ ነዋሪነት የገባ ልጅ፣ በአሳዳጊነት አብሮት የሚኖረው ወላጁ ዜግነት ሲያገኝ ልጁም በዚያው ዜጋ እንደሚሆን ይደነግጋል። መሐላ የለም፤ ጥሪ የለም፤ ወረቀትም በራሱ ጊዜ አይመጣም። አባቱ ቃለ መሐላ ሲፈጽም የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ወጣት በ18 ዓመቱ ኪሱ ውስጥ ያለው ያው የድሮ ግሪን ካርድ ስለሆነ መምረጥ እንደማይችል አምኖ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ላለው ወጣት ትምህርቱ የሚጀምረው ከሦስት ሰነዶች ነው፦ ከአባቱ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ ከራሱ ግሪን ካርድና ከልደት ማስረጃው። እነዚህን ይዞ ለአሜሪካ ፓስፖርት ያመልክታል፤ ወደ ምዝገባ ቅጹ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።