የጡት ካንሰርን ጠባይ የሚያሳዩ ፕሮቲኖች

በመጠን እኩል ከሆኑ ሁለት የጡት ዕጢዎች አንዱ ለዓመታት በዝግታ ሲያድግ፣ ሌላው በወራት ውስጥ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ሊዛመት ይችላል። ይህን ልዩነት በከፊል የሚያሳዩት የካንሰሩ ሴሎች የሚያመርቷቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ፓቶሎጂስቱ በተለይ አራቱን ይፈልጋል፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ ኸር-2 እና ኪ-67።

ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ሴሉ እንዲባዛ ይገፋፋዋል። ከአሥር የጡት ካንሰሮች ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ ይህ ተቀባይ አላቸው። ነገሩ ክፉ ይመስላል እንጂ ለታማሚዋ የተሻለው ዕድል ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው ዕጢ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ እንክብልም ተቀባዩን ቀድሞ ይዞ ሆርሞኑን ሥራ ያስፈታዋል።

የኸር-2 ታሪክ ከሁሉም ይደንቃል። ፕሮቲኑ በጤነኛ ሴል ሽፋን ላይም አለ፤ ከመቶ ዕጢዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ግን ጂኑ ተባዝቶ ፕሮቲኑ ከልክ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ፣ ጂኑ የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አሳዩ። በ1998 ይህንኑ ፕሮቲን የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። የክፉ በሽታ ምልክት የነበረው ፕሮቲን ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ዒላማ ሆኗል።

ኪ-67 የሚታየው በመባዛት ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ ስለሆነ የዕጢውን ፍጥነት በመቶኛ ይገልጻል። ሆኖም አንዱን ስላይድ ሁለት ባለሙያዎች ቆጥረው የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ ብቻውን አይታመንም።

ምርመራው የሚሠራው ከዕጢው የተወሰደው ሥጋ በፎርማሊን ከቆየ በኋላ በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ በአንቲቦዲ ሲቀለም ነው። ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ለኸር-2 ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ 3 አዎንታዊ ነው፣ 2 ከሆነ ግን ጂኑ ራሱ ይቆጠራል። የቤተ ሙከራው ብቃት ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ተቀባዩ ሊበላሽ፣ ታማሚዋም ታሞክሲፈን ሳታገኝ ልትቀር ትችላለች። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ያወጣበት ሰዓት በምርመራ ማዘዣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ዕጢዎች ሁለቱም ተቀባዮች የሏቸውም፣ ኸር-2ም አልበዛባቸውም። እነዚህ በአብዛኛው ፈጥነው ያድጋሉ፤ ካገረሹም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። የሆርሞን መድኃኒትም ሆነ ትራስቱዙማብ ስለማይሠራላቸው ሕክምናቸው ከሁሉ በላይ በኬሞቴራፒ ላይ ይመሠረታል።

ፕሮቲኖቹ ደግሞ በሽታው ሲገፋ ሊለወጡ ይችላሉ። ጡት ላይ ሳለ የኤስትሮጅን ተቀባይ የነበረው ካንሰር ጉበት ከደረሰ በኋላ ሊያጣው ይችላል፤ ስለዚህ ካንሰሩ ተዛምቶ ሲገኝ፣ ከተቻለ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ተወስዶ ምርመራው እንደገና ይሠራል።