ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

እናቴ ለቡና ባትጠራኝ ኖሮ የግራ እግሬ ዛሬ የት እንደሚሆን አላውቅም።

ባለፈው ግንቦት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የታላቅ ወንድሜን ቶዮታ ሴሊካ የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር ግቢ ውስጥ በክሪክ አንስቻታለሁ። ጎማው ወልቋል። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ግራ እግሬን በመኪናዋ ሥር ዘርግቻለሁ። ስልኬ ብሎኬት ተደግፎ «በ15 ደቂቃ ሸራ ይቀይሩ» የሚል ቪዲዮ ያሳየኛል። አንዱ ቡሎን አልፈታ ብሎኝ እየታገልኩ እያለ እናቴ ከበረንዳ ጮኸች።

«አንተ ልጅ! አቦሉ አመለጠህ፣ ቶናውም ሊቀዘቅዝ ነው፣ ና እንጂ!»

እየተነጫነጭኩ ተነሳሁ። ስኒውን ገና ሳልይዝ ከኋላዬ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሴሊካዋ በግራ ትከሻዋ ወድቃለች። የፍሬኑ ዲስክ ኮብልስቶኑ ላይ ተቀምጧል። እግሬ በነበረበት ቦታ፣ በመኪናዋ የታችኛው ጠርዝና በመሬቱ መሀል የቀረው ክፍተት አራት ጣት አይሞላም። እናቴ «በስመ አብ» ብላ ጀበናውን አስቀመጠች። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ለምን ጋራዥ አልወሰድካትም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መልሱን በቁጥር ልስጣችሁ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ አይገባም፣ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያለችህን አሮጌ መኪና ተንከባክበህ ማቆየት ግዴታ ሆነ፤ ለእጅ የሚከፈለውን ለማዳን ደግሞ መፍቻ መጨበጥ መጣ። የሰፈሬ ልጆች ዘይት የሚቀይሩት፣ ሸራ የሚያስሩት ራሳቸው ናቸው። ችግሩ ሁላችንም ቡሎን መፍታት ተማርን እንጂ መኪና ማንሳት ማንም አላስተማረንም። ቪዲዮዎቹም ሲጀምሩ መኪናዋ ቀድማ ተነስታ ነው የምናገኛት።

ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ሴሊካ ስትሠራም ለመሬት ቅርብ ናት፣ ወንድሜ ግን ይህ አልበቃው ብሎ ሞላዋን አስቆርጧል። (ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቁት። እኔ ከፍጥነት መቀነሻ በላይ በሰያፍ እየነዳሁ ነው የማልፈው።) በሜትር ስለካት ከመሬት እስከ በሩ ሥር ያለው ጠርዝ 14 ሴንቲ ሜትር፣ የፊት ባምፐሯ ደግሞ 11 ብቻ ነው። የእኛ ባለ ጎማ ክሪክ እስከ መጨረሻው ሲወርድ 13.5 ነው። በጎን በኩል እንደ ምንም ይገባል፤ በፊት በኩል ግን ጭራሽ አይሞከርም። በጎን ቢገባም እጀታው ከቦዲው ጋር እየተጋጨ ሙሉ መንቀሳቀሻ አያገኝም፣ በትንሽ በትንሹ ነው የምትገፋው።

ያን ቀን የወደቀችውን መኪና ያነሱልን በሰፈሩ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ሲመጡ መኪናዋን አላዩም፣ መሬቱን ነው ያዩት።

«እዚህ ላይ ነው ያነሳሃት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታኮ የታለ?»

ዝም አልኩ።

«ስታንድስ?»

«ክሪኩ ሁለት ቶን ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል እኮ ጋሼ። መኪናዋ 1,200 ኪሎ እንኳ አትሞላም።»

«ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም፣ ልጄ» አሉኝና ቀጥታ ወደ ሥራ ገቡ። መጀመሪያ መሬት ላይ ያሉትን ሦስት ጎማዎች በእንጨት ታኮ አሰሩ። ከዚያ ክሪኩን የወደቀው ጥግ ላይ ሳይሆን በዚያው ጎን የኋላ ማንሻ ቦታ ላይ አስገቡት። ገርሞኝ አየሁ። የመኪናው አካል ግትር ስለሆነ ኋላው በጥቂቱ ሲነሳ ፊቱም አብሮ ከፍ አለ። በዚያ ክፍተት ወንድሜ ከኋላ ሳጥን ያወጣውን ትንሹን ባለ ጥምዝ ክሪክ አስገቡ፤ ጎማው እስኪገባ ድረስ ማንም ከቦዲው ሥር እጁን እንዳያስገባ እየጮኹ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ (በረካው ላይ ደርሰናል) ምን እንዳጠፋሁ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከሁሉም የገረመኝ የኮብልስቶኑ ጉዳይ ነው። ባለ ጎማ ክሪክ ሲነሳ ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ ክንዱ ቅስት ሠርቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ ወደ መኪናዋ ሥር መንሸራተት አለበት። ለዚህ ነው ጎማ የተሠራለት! ሊሾ ላይ ይህን ሳታየው ያደርገዋል። ኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች በድንጋዮቹ መሀል ይሰነቀራሉ፣ ክሪኩ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ራሱ ደግሞ መኪናዋን ወደ ጎን ይጎትታል ወይም ከተደገፈበት ጠርዝ እየሸሸ ይመጣል። እኔ ቡሎኑን በሙሉ ጉልበቴ ስወዘውዝ የቀረችውን ሚሊ ሜትር ጨረስኳት ማለት ነው።

ሁለተኛው የእጅ ፍሬን ነው። «ፍሬን ይዣለሁ» ብዬ ተማምኜ ነበር። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ፊቷን ካነሳህ ጥሩ፤ ኋላዋን ካነሳህ ግን የያዝካቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸው፣ መሬት ላይ ያሉት ነፃ ናቸው። «ማርሽ አስገባለሁ» ብትልስ? ሴሊካን የሚነዷት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተነሳ በዲፈረንሻሉ ምክንያት የተነሳው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር መሬት ያለው ወደ ሌላ መዞር ይችላል፣ ማርሹ ገብቶም ቢሆን። ታኮ ብቻ ነው እነዚህን ሁሉ ስሌቶች የማይፈልገው።

እዚህ ላይ ስለ እኔ ትምህርት አንድ ነገር ልበል። ከዚያ ቀን በፊት ያለ ስታንድ ምናልባት ሠላሳ ጊዜ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን አልወደቀችም። በጭንቅላቴ ውስጥ ይህ «ማስረጃ» ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነው የተማርነው። አማካይ ትርፍና ኪሳራ የሚሠራው ደጋግመህ መጫወት ስትችል ነው፤ አንድ ጊዜ ስትሸነፍ ከጨዋታው ለዘለዓለም የምትወጣ ከሆነ አማካዩ ለአንተ ምንም አይነግርህም። ፈተናው ላይ ይህን መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። እግሬን ግን መኪና ሥር ዘርግቼ ነበር።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዝቅ ላለች መኪና ዋናው ብልሃት ክሪኩ ከመግባቱ በፊት ያለው ነው። ከእንጨት ቤት ሰፋፊ ጣውላዎች አስቆርጠን ሁለት ሁለቱን በብሎን አሰርናቸው፣ የታችኛው ረዘም፣ የላይኛው አጠር ያለ፣ በድምሩ 5 ሴንቲ ገደማ ውፍረት። ወንድሜ የፊት ጎማዎቹን ቀስ ብሎ እላያቸው ላይ ይነዳል። በቃ፣ ያ 5 ሴንቲ ክሪኩን በፊት በኩል እስከ መሀል ለማስገባት ይበቃል። ለክሪኩ ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ ወፍራም ኮምፔርሳቶ እናነጥፋለን፣ ጎማዎቹ እንዲንሸራተቱበት። ብር ያለው ሰው ዝቅተኛ ክሪክ ይግዛ፣ እስከ 8 ሴንቲ የሚወርዱ አሉ።

ከመሀል ማንሳት ለምን? በጎን ስታነሳ ክሪኩ የሚያርፈው በዚያው ስታንዱ ማረፍ ባለበት ጠንካራ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ነገር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከመሀል በፊተኛው የብረት ድጋፍ ስታነሳት ግን የጎን ቦታዎቹ ለስታንድ ነፃ ይሆናሉ። የቱ ብረት እንደሆነ ግን በግምት አይደለም፤ የሞተር ዘይት ቋቱ ላይ ካስቀመጥከው ቋቱን ነው የምታነሳው። የእኛ መኪና ከጀርመን ስለመጣች መጽሐፏ በጀርመንኛ ነው፣ ግን የማንሻ ቦታዎቹ ሥዕል ትርጉም አያስፈልገውም። ጽሑፉን በስልክ ካሜራ ተረጎምኩት።

የጎማ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለች ትንሽ ማላላት፣ ከዚያ ማንሳት፣ ስታንዶቹን ማስገባት፣ ክሪኩን በቀስታ ለቆ ክብደቷን ስታንዶቹ ላይ ማሳረፍ። ከዚያ፣ ገና ማንም ሥሯ ሳይገባ፣ በጎን ቆሞ በሁለት እጅ መግፋት። የምትወድቅ ከሆነ አሁን ትውደቅ። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ከቦዲው ጠርዝ ሥር እናስተኛዋለን። ያን ቀን ጎማው እዚያ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ዲስኳ ላይ አትቀመጥም ነበር፤ እኔ ግን ግድግዳ አስደግፌው ነበር።

ብሎኬት እንደ ስታንድ የምትጠቀሙ፣ እባካችሁ ተዉት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰነጠቅም ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ስታንድም ቢሆን ስታንድ ስለተባለ ብቻ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ መደብር 1.7 ሚሊዮን ገደማ ስታንዶችን ከገበያ ሰብስቧል፣ ጥርሱ ከመያዣው እየተንሸራተተ ስለሚለቅ። በምትክ ከተሰጡት ውስጥም ብየዳቸው ጉድለት ያለባቸው ተገኝተው እንደገና ተጠርተዋል። እኛ ከሶማሌ ተራ ስንገዛ ጋሼ አብረውን ሄደው እያንዳንዱን ብየዳ በጥፍራቸው እየዳሰሱ ነው ያስመረጡን፤ ሁለት ጥንድ መልሰዋል፣ ሻጩ እስኪሰለቸው።

ያን ቅዳሜ ለጋራዥ የማልከፍለው ሂሳብ በመጨረሻ ያገለገለ ዲስክ፣ የቦዲ ማቃናትና ቀለም ሆኖ መጣ። ከስታንዶቹ ዋጋ በላይ ነው፣ ከዝርዝሩ ግን እቆጠባለሁ፣ ወንድሜ ያነባል።

ባለፈው ሳምንት የኋላውን ሸራ ቀየርን። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቋል፣ አንደኛ ማርሽ ገብቷል፣ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ታስረዋል። እናቴ ጀበናውን ከመጣዷ በፊት ወጥታ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ብረቷን አስገባህ?»

«አስገብቻለሁ እማዬ።»

«ግፋት እስቲ፣ ልይ።»

ገፋኋት። አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ቡናውን ልትቆላ ገባች።