ቁጥሩን ተዉት፣ ውፍረቱን እዩ

ክር ልግዛ ብሎ ወደ ሱቃችን የሚገባ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሣጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው የፓውንድ ቁጥር ላይ ነው። 10፣ 15፣ 20፣ 30፣ 50። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ የበለጠ የሚያዛልቀው ይመስለዋል። የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ነው፤ የቀኑ ሥራዬም በአብዛኛው ሪል ላይ ክር መጠምጠም ነው። በስፒኒንግ ሪል ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ደንበኞቻችን ብሬድ፣ ማለትም ተጎንጉኖ የተሠራውን ክር ሲገዙ፣ ከክሩ መድከም ይልቅ የክሩ መወፈር ሲጎዳቸው ነው የማየው።

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ከሚመጡት መካከል ሐበሾች አይጠፉም። አንድ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው መጠኑ 2500 የሆነ ሪላቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ባለ 50ውን ጠምጥምልኝ፤ ብቻ አይበጠስ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ዓሣ ሊያወጡ አስበው ነው?»

«እግዜር የሰጠኝን ነዋ!»

50 ፓውንድ ወደ 23 ኪሎ ነው። በዓለም መዝገብ ላይ የሰፈረው ትልቁ ላርጅማውዝ ባስ ግን 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ያወጣው። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ የእሱን እኩያ አወጣ። እኛ ሠፈር 2 ኪሎ ባስ ያወጣ ሰው ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ ይልካል።

የዓሣው ክብደት እንኳ ዋናው ጉዳይ አይደለም። ሪሉ ድራግ አለው፤ ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲስብ ክር እየለቀቀ የሚያበርድ ብሬክ ነው። በስፒኒንግ ሪል ባስ የሚያጠምድ ሰው ድራጉን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ባለው መካከል ቢያስተካክል ደኅና ነው። ከዚያ ካለፈ ሪሉ ይለቃል፤ ክሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት የክሩን አቅም እሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ታዲያ ባለ 50 ብሬድ እዚያ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ቦታ ይይዛል።

ቦታ ይይዛል ስል የምሬን ነው። በብዛት ከምንሸጠው ብሬድ አንዱ ባለ 10 ፓውንዱ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 20ው 0.23፣ ባለ 50ው 0.36 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የተለመደው ባለ 8 ፓውንድ ናይለን 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 10 ብሬድ፣ ከናይለኑ የበለጠ አቅም ይዞ፣ ከእሱ በጣም ቀጥኗል ማለት ነው። በሌላ በኩል አንድ ሜትር ባለ 50 ብሬድ የባለ 10ሩን ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ቦታ ይወስዳል። ትንሽ ሪል ላይ ሲጠመጠም ቶሎ ይሞላና ርዝመቱ ለሁለት ረጅም ውርወራ እንኳ ሳይተርፍ ይቀራል።

ውርወራውም ራሱ ይበላሻል። በስፒኒንግ ሪል ክሩ የሚጠመጠምበት ማጠንጠኛ አይዞርም፤ ክሩ ከማጠንጠኛው ከንፈር ላይ እየተጠቀለለ ይወጣና በዘንጉ የመጀመሪያ ቀለበት ውስጥ መጥበብ አለበት። ወፍራም ክር በሰፊ ቀለበት እየተወዛወዘ ወጥቶ ዘንጉን ይገርፋል፣ ነፋስም ይይዘዋል፤ ቀላል ማባበያ ካሰራችሁበት አፍንጫችሁ ሥር ይወድቃል። ባለ 50 የሚያስፈልገው ካለ ማጠንጠኛው የሚዞረውን ቤይትካስተር ይግዛ። ለስፒኒንግ ሪል ክፍት ውሃ ላይ 10፣ ለጀማሪና ለሁሉም ቦታ 15፣ አረም ውስጥ 20 እላለሁ። ከ10 በታች የሚወርድ ካለ እጁ የለመደ መሆን አለበት፤ በጣም የቀጠነ ብሬድ በራሱ ጥቅል ውስጥ ይሰምጣል፣ ከተወሳሰበ ደግሞ በመርፌም አይፈታም። ከጋሼ ጋር ብዙ ተከራክረን በ15 ተስማማን።

ብሬድ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ የሞለኪውሎቹ ሰንሰለት እጅግ መርዘሙና ቃጫዎቹ ተስበው በአንድ አቅጣጫ መደርደራቸው ነው። በንግድ ስሙ አንዱ ዳይኒማ፣ ሌላው ስፔክትራ ይባላል። ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። እንደ ናይለን አይለጠጥም፤ ዓሣው ማባበያውን በከንፈሩ ሲነካው ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። በጣም ሙልጭልጭ ነው፣ ሙቀትም አይወድም። ቋጠሮ ስታጠብቁ በምራቅ አርጥቡት የምንለው ለዚህ ነው፤ በደረቁ ሲጎተት ሰበቃው ያቃጥለዋል።

ሙልጭልጭነቱ ሱቅ ውስጥም ያስቸግራል። ብሬድን ባዶ ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ ብታስሩት ከላይ የጠበቀ ይመስላል፤ ዓሣ ሲስብ ግን ጥቅሉ እንዳለ ብረቱ ላይ ይሽከረከራል። ድራጉን የቱንም ያህል ብታጠብቁ ክሩ መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን እጠመጥማለሁ፤ ክሩ የሚታሰርበት ብረት ላይ ጎማ የተለበጠላቸው አዳዲስ ሪሎች ይህ አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ብሬዱን በእርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እየጨመቅሁ አስገባዋለሁ። ሲያልቅ ጥቅሉን በጥፍሬ እጫነዋለሁ። ጥፍሬ ከገባ ላልቷል ማለት ነውና ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ፤ ደንበኛው ሰዓቱን ቢያይም አይቸግረኝም። ከንፈሩ ላይ ሊደርስ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቆማለሁ። «ሙላልኝ እንጂ፣ ከፍዬበት!» የሚሉ አሉ። የሞላ ማጠንጠኛ ግን በአንድ ውርወራ አሥር ዙር በአንዴ ይለቅና ጥልፍልፍ ሠርቶ ያርፋል።

የቀረው ጥልፍልፍ የደንበኛው እጅ ሥራ ነው። ከወረወራችሁ በኋላ ቤይሉን፣ ያንን ግማሽ ክብ ሽቦ፣ መዘውሩን በማዞር አትዝጉት፤ በእጃችሁ መልሱትና ክሩን አንድ ጊዜ ሳብ አድርጉት። መዘውሩ ሲዘጋው የመጀመሪያው ዙር ላላ ብሎ ይጠመጠማል፤ በሚቀጥለው ውርወራ ያ የላላ ዙር ሌሎቹን ይዞ ይወጣል።

ፖቶማክን በተመለከተ ግን አንድ ዓይነት ክር ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በላይ ወንዙ ዐለት ነው፣ ስሞልማውዝ ባስ የሚኖርበት። ስሞልማውዝ የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ከምዕራብ በባቡር፣ በሎኮሞቲቩ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተጭኖ መጥቶ የተለቀቀ ስደተኛ ነው፤ እንደ እኛው። ከዋሽንግተን በታች ያለው ግን ባሕሩ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ውሃ ነው፤ ላርጅማውዝ ይበዛበታል፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮም ሃይድሪላ የሚባል አረም ወርሶታል። ጣና ላይ ያየነው እምቦጭ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሃይድሪላ ከታች ሥር ሰድዶ እስከ ውሃው ገጽ ይወጣል። አረም ውስጥ ብሬድ ጌታ ነው፤ ግንዱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ዐለት ላይ ግን እያንዳንዷ ቃጫ ቀጭን ናትና ተወጥሮ ሲታከክ ቶሎ ይነትባል።

ለዚህ ነው ብሬዱ ጫፍ ላይ ሊደር የሚባል አጭር ክር የሚታሰረው፤ ባለ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፣ ውሃ ውስጥም ከናይለን ያነሰ ይታያል፤ ድንጋይም ይችላል። በዐለቱ አካባቢ ከቁመታችሁ ዘለግ ያለ ይሁን፤ አረም ውስጥ ክንድ ያህል ይበቃል። ኤፍ ጂ የሚባለው ቋጠሮ ከሁሉም ቀጭን ነው፤ ጀልባ ላይ በነፋስ ማሰር ከከበዳችሁ ደብል ዩኒ እሰሩ፣ ማንም አይታዘባችሁም።

ሊደሩ ካለ የብሬዱን ቀለም ለዐይናችሁ ምረጡ። አረንጓዴውን የሚወስደው ብዙ ሰው «ዓሣው እንዳያየው» ይላል። እኔ ቢጫውን እመርጣለሁ፤ ማባበያው እየሰመጠ ሳለ ክሩ ወደ ጎን ዘለል ሲል ካላያችሁ ዓሣው ቀምሶ ተፍቶ ሄዷል። ከአራት ወይስ ከስምንት የተጎነጎነ ለሚለው፦ ስምንቱ ለስላሳና ድምፅ አልባ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ለስፒኒንግ ሪል ይገባዋል። አራቱ ሻካራ ነው፣ አረም ሲቆርጥ ግን ይበልጣል።

«ተበጠሰብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው የተበጠሰውን ጫፍ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ማንም አያመጣውም እንጂ። የሊደሩ ጫፍ እንደ አሳማ ጅራት ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተንሸራቷል። ከሻከረ ድንጋይ ነክቶታል። ብሬዱ መሃሉ ላይ ከተበጠሰ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ጥልፍልፍ ተሠርቶበት በጉልበት የተጎተተ ነው። በእነዚህ በአንዳቸውም ላይ ባለ 50 መግዛት መፍትሔ ሆኖ አያውቅም።

ብሬድ ከናይለን ይወደዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ቀለሙ ቢለቅም አቅሙ አልጠፋም፤ የምታዩት መንተብን ነው። ፊተኛው 20 ወይም 30 ሜትር ሲያረጅ ከሥሩ ያለው ውሃ እንኳ አልነካውም፤ ስለዚህ አትጣሉት። ሌላ ሪል ካላችሁ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው አዙሩት፤ ያረጀው ጫፍ ከታች ይገባና አዲሱ ወገን ከላይ ይሆናል። ከሌላችሁም ወደ ሱቃችን አምጡት፣ በማሽኑ ገልብጠን እንጠመጥመዋለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አትምጡ፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ነው።