ዝናቡ ሲመለስ የማይመለሰው

ከጉና ተራራ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ርብና ጉማራ ሆኖ የፎገራን ሜዳ እያጠጣ ጣና ይገባል። በተራራው ምሥራቅና ደቡብ ያለው አገር ዕጣው ሌላ ነው። የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ገበሬው ወንዙን ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ያየዋል እንጂ ማሳው ላይ አያወጣውም። ሁለቱም ወገኖች በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ናቸው፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድም ያገናኛቸዋል። እንዲያም ሆኖ ፎገራ ሩዝ ለገበያ ሲያወጣ ጋይንትና ስማዳ የእርዳታ ስንዴ የጠበቁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። እህሉ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ረሃቡን በዝናብ እጥረት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። እኔ እንደማምነው ድርቅ ገበሬን የሚያደኸየው ክፉውን ዓመት ለመሻገር ሲል ጥሪቱን ሲያስሸጠው ነው። ስለዚህ የእርዳታ ዋናው መለኪያ በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት መድረሱ ነው።

ባለሙያዎች ድርቅን በደረጃ ለይተው ያዩታል። መጀመሪያ ዝናቡ ከተለመደው መጠን ያንሳል፤ ቀጥሎ የአፈሩ እርጥበት ሰብሉን ማሳደግ ያቅተዋል፤ ከዚያ ምንጭና ወንዝ ይነጥፋል፤ በመጨረሻም ጉዳቱ ወደ ገበያና ወደ ጓዳ ይገባል። ለጋይንት ገበሬ ከዓመቱ የዝናብ ድምር ይልቅ ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ይበልጥበታል። ደጋው በገብስና በድንች፣ ወይና ደጋው በጤፍና በስንዴ፣ ቆላው በማሽላ ይኖራል። ማሽላ ከክረምቱ በፊት የሚጥል ዝናብ ይፈልጋል፤ ያ ሲቀር ገበሬው ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራል። ጤፉ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ ድንገት ከቆመበት ሳያፈራ ይቀራል። በመካከሉ ሐምሌ ላይ የወረደ ከባድ ዝናብ የዓመቱን ድምር ደህና ሊያስመስለው ይችላል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ የሚከሰተው ኤል ኒኞም ብዙ ጊዜ የሰሜን ኢትዮጵያን ክረምት ያዳክማል።

ሰብሉ እንደማይደርስ ሲታወቅ ገበያው ይለወጣል። ቤተሰቡ መጀመሪያ በግና ፍየሉን፣ ቀጥሎ ጊደሯን ይሸጣል፤ በሬውን እስከ መጨረሻው ለማቆየት ይሞክራል። ችግሩ ጎረቤቱም ያንኑ ማድረጉ ነው። ሣርና ገለባ በጠፋበት ዓመት ሁሉም በአንድ ጊዜ ከብት ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ሸማች ስለሚሆን የእህል ዋጋ ይወጣል። በደህናው ዓመት የብዙ ወር ቀለብ የሚያወጣ በሬ ያኔ የጥቂት ጊዜ መሻገሪያ ብቻ ይሆናል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲመለስ አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ምንም ያልቀረው መሬቱን በእኩል ለሚያርስ ሰው ይሰጣል። ዘሩንም በልቶት ከሆነ በአራጣ ይበደራል። እንግዲህ የቱንም ያህል ቢዘንብ ከምርቱ ገሚሱ የሌላ ሰው ነው፤ ከቀረውም ላይ ባለዕዳው አለ። አገሩ ድርቁ አለፈ በሚልበት ዓመት ያ ቤት ገና ድርቁ ውስጥ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የኢትዮጵያን ገጠር ለረጅም ዓመታት ያጠናው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ስቴፋን ደርኮን፣ በ1977ቱ ረሃብ የተጎዱ ድሃ ቤተሰቦች የቀድሞ የከብት ቁጥራቸውን ለመመለስ በአማካይ አሥር ዓመት ያህል እንደፈጀባቸው አሳይቷል። ከካትሪን ፖርተር ጋር ባደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በረሃቡ ወቅት ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የነበሩ ልጆች አድገው ሲለኩ በዕድሜ ከሚበልጧቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የማጠናቀቅ ዕድላቸውም አንሷል። መዘዙ ወደ ጤናም ይሻገራል። ጥሪቱ ያለቀበት ቤት ወጣቱን ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ይሰዳል። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ ዞን በሊቦ ከምከም የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ወደ አካባቢው የገባው ከዚያ ቆላ በተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች እንደሆነ ይገመታል።

ድርቅ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል የሚል አለ። ስለ ዝናቡ ከሆነ እውነት ነው፤ ስለ ረሃቡ ግን ታሪካችን ሌላ ይመሰክራል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ በአገር ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ከወሎም ወደ ሌላ ገበያ የወጣ እህል እንደነበር አሳይቷል፤ የወሎ ገበሬ የራበው መግዣ ስላጣ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በረሃብ ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናት የገበሬውን ተጋላጭነት ከተፈጥሮ ይልቅ በሥርዓቱ ውስጥ ፈልገዋል። በ1977 ድርቁ ከጦርነት ጋር ተገናኝቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው ግን ያ እልቂት አልተደገመም። በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው መንገዱ፣ መጠባበቂያ እህሉና የእርዳታው ሥርዓት ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው፦ እርዳታ ሰውን ሥራ ያስፈታል፣ ጋይንት ስንት ዓመት ይረዳል? ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ ማንም ወላጅ ልጁን ለተረጂነት ማሳደግ አይፈልግም። ነገር ግን በ1997 የተጀመረውና ጋይንትና ስማዳም የታቀፉበት ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ተጠቃሚ የሚከፍለው እርከንና ክትር ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው፤ ያለ ሥራ የሚሰጠው ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ነው። ፕሮግራሙን የገመገሙ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች፣ ለአምስት ዓመት ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሚራቡበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረና ከብታቸውም እንደተሻለ አግኝተዋል። ጥገኝነትን የሚያመጣው ዘግይቶ የሚደርስ እርዳታ ነው። በሬውን ከሸጠ በኋላ ስንዴ የተሰጠው ገበሬ ዳግመኛ ስንዴ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ የለውም፤ በሬው በእጁ እያለ የደረሰለት ግን ሰኔ ላይ ያርሳል።

ሌሎች ደግሞ መሬቱ አርጅቷል፣ ሕዝቡን ማስፈር ይሻላል ይላሉ። የማሳው መጥበብና የአፈሩ መሳሳት የማይካድ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ ሌላ ቦታ ኑሮ የሚመሠርትም መብቱ ነው። ሆኖም ደርግ በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲያሰፍር ብዙዎች በግዳጅ ሄደዋል፤ የደጋ ሰው ከማያውቀው ወባ ጋር ተጋፍጦ አልቋል፤ ቤተሰብም ተበትኗል። ከሥር ያለው ወንዝ በመስኖ ይውጣ የሚለውም ምኞት ገደሉ እያለ ለአብዛኛው ማሳ ሩቅ ነው። ቅርቡ ሥራ ዝናቡን በወረደበት ማስቀረት ነው፤ እርከን፣ ምንጭ ማጎልበት፣ ኩሬ፣ የጉናን የዕፅዋት ልብስ መጠበቅ። እነዚህ ግን ፍሬ የሚሰጡት በዓመታት ውስጥ ነው፤ እስከዚያው ገበሬው በሬውን ይዞ መቆየት አለበት።

መፍትሔው ከቀን መቁጠሪያው ይጀምራል። የመኸር ግምገማ ኅዳር ላይ ተካሂዶ፣ የእርዳታ ጥሪው ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲወጣ የከብቱ ሽያጭ ቀድሞታል። የጤፉ መጥፋት መስከረም ላይ በዓይን ይታያል፤ የንፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያና የወገዳ የከብት ዋጋም በየሳምንቱ ይናገራል። የበግና የበሬ ዋጋ ሲወርድ የእህል ዋጋ ከወጣ፣ ያንን እንደ ማንቂያ ቆጥሮ ገንዘብና መኖ ያኔውኑ መላክ፣ ዘሩንም ከሰኔ በፊት ማድረስ ይቻላል። ለዚህ ሁሉ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራና ዋግ ኽምራ በድርቅ ሲመቱ በአማራ ክልል የነበረው ግጭት እርዳታውን ምን ያህል እንዳከበደው አይተናል፤ ሰላም የድርቅ መከላከያ አንዱ ክፍል ነው። ቀድሞ መድረስ የተሳሳተ ግምት የማውጣት አደጋ አለው፣ አንዳንድ ዓመት ያለ አስፈላጊነቱ ገንዘብ ሊወጣ ይችላል። ይህ ወጪ ግን አንድን ቤተሰብ ለአሥር ዓመት ከማደኸየትና ሕፃኑን ለዕድሜ ልኩ ከማጉደል እጅግ ያነሰ ነው። ዝናቡን ማዘዝ ያልቻለ መንግሥትና ማኅበረሰብ የገበሬውን በሬ በደጁ ማቆየት ይችላል፤ ሊጠየቅበትም የሚገባው በዚህ ነው።