ሰው የተሸጠበት ዛጎል

ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ሲነሳ ሁላችንም ቀድሞ የሚታየን መርከቡና ሰንሰለቱ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ገንዘቡ ላጫውታችሁ። ለመሆኑ የምዕራብ አፍሪካ ነጋዴ ሰው ሸጦ ምን ይቀበል ነበር? ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ አረቄ፣ የብራዚል ትምባሆ። ዛሬ ቤኒን በምንላት አገር ጠረፍ ደግሞ ዛጎል! ያቺው ትንሿ፣ ነጯ፣ ሆዷ የተሰነጠቀው የባሕር ዛጎል።

የሚገርመው መነሻዋ ነው። የምትለቀመው ከህንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች ነበር። ዝነኛው ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ1340ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማልዲቭ ውስጥ ዳኛ ሆኖ ሠርቷል። በ1352 ሰሃራን አቋርጦ ማሊ ሲገባ ያንኑ ዛጎል ገበያ ላይ ገንዘብ ሆኖ አገኘው። እንደ ጻፈው ከሆነ ማልዲቭ ላይ አንድ የወርቅ ዲናር 400,000 ዛጎል ሲያወጣ፣ ማሊ ላይ የሚያወጣው 1,150 ብቻ ነው። ወደ 350 እጥፍ ልዩነት! ዛጎሉን ከምንጩ አምጥቶ ማሊ ያደረሰ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስሉት።

ዛጎል ገንዘብ መሆኑ አይግረመን፤ እኛም በአሞሌ ጨው ተገበያይተናል። እንዲያውም ዛጎል ይሻላል፦ ዝናብ አያሟሟውም፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ አስመስሎ መሥራትም አይቻልም።

ይህን የዛጎል ትርፍ አውሮፓውያን አዩት። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፖርቹጋሎች፣ ኋላም ደችና እንግሊዞች ዛጎሉን በባሕር ያጓጉዙት ጀመር። ከእስያ ቀላል ሸቀጥ ጭነው ለሚመለሱ መርከቦች ከሥር የሚያረጋጋ ክብደት ያስፈልግ ስለነበር፣ ዛጎሉ ያንን ቦታ ይዞ በርካሽ ይመጣል። አምስተርዳምና ለንደን ላይ በጨረታ ይሸጥና ወደ አፍሪካ በሚሄዱ መርከቦች ይጫናል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግምት እንደሚለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 10 ቢሊዮን ዛጎል ምዕራብ አፍሪካ ገብቷል።

ዋናው መግቢያ በዚያው በዛሬዋ ቤኒን ጠረፍ ያለው የዊዳ ወደብ ነበር። የአካባቢው የዳሆሜ መንግሥት ንጉሥ አጋጃ በ1727 ወደቡን ያዘ። በንግዱ ዘመን ሁሉ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በባርነት የተጫነው ከዚሁ ነው። በዳሆሜ ዛጎል 40 እየሆነ በክር ይሰካ ነበር፤ ግብርም የሚከፈለው በዛጎል ነበር።

እንግዲህ «አፍሪካውያን በብልጭልጭ ተታለሉ» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ነጋዴዎቹ የሚፈልጉትን የሚያውቁ፣ ያልፈለጉትን የሚመልሱ ጠንካራ ተደራዳሪዎች ነበሩ። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ዛጎሉ በአገር ገበያ እህልና ዘይት ይገዛል፤ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ግን ጠመንጃ አይገዛም። ሰው ወጥቶ ቀረ፣ ዛጎል ገብቶ ቀረ።

መጨረሻውም የባሰ ነው። ብሪታንያ በ1807 የባሪያ ንግድን ከከለከለች በኋላ በጠረፉ የዘንባባ ዘይት ንግድ ደራ። ያኔ ለዘይቱ ለመክፈል የሐምቡርግ ነጋዴዎች ከዛንዚባር አካባቢ ሌላ ርካሽ ዛጎል በመርከብ ያጎርፉት ጀመር። ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ኋላም ቅኝ ገዢዎች ዛጎሉን በፍራንክና በሺሊንግ ተኩት። ሰው ተሸጦበት የተከማቸው ሀብት በባለቤቶቹ ጓዳ እንዳለ ከሰረ። ምንጩ በሌላ እጅ የሆነ ገንዘብ የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው፦ ዋጋውን የሚያወጣውም የሚጥለውም ከባሕር ማዶ ያለው ጫኝ ነው።