ፊንስ ስትገዙ መጀመሪያ ተረከዛችሁን ጠይቁ

ባለፈው ከለጠፍኩት የመጥለቅ ቪዲዮ በኋላ ግማሾቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ እግሬ ነው። «ያ የዳክዬ እግር የቱ ይሻላል?» ብላችኋል። ስሙ ፊንስ ነው፤ የእናንተው ስም ግን ይበልጥ ይገልጸዋል። እማዬም ቪዲዮውን አይታ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ምን አደረግሽው?» ነው ያለችኝ።

መጥለቅ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ሲጠቀምበት የነበረ ፊንስ በርካሽ ገዛሁ። ጥቁር፣ ረጅም፣ ድርቅ ያለ፤ ሲያዩት ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ለእግሬ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ «ሲለበስ ይለቃል» ብዬ አለፍኩት። ፊንስ እንደ ቆዳ ጫማ እንደማይለቅ ማን ይንገረኝ! ኤምሬትስ ውስጥ ፉጄራ ላይ ረጋ ባለ ውሃ ሁለት ሦስቴ ጠለቅኩበት፣ ምንም አላለኝም።

ከዚያ ከዲባ በጀልባ ተነስተን ሙሳንዳም፣ ሊማ ሮክ የምትባል ደሴት ሄድን። እዚያ የኦማን ተራራ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ውሃው በደሴቲቱ ጫፍ በኩል ይጣደፋል። ጠላቂዎች ከረንት ይሉታል። ጫፉን ስንዞር ፊት ለፊት ገጠመን። መታሁ፣ መታሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ቢጫ ኮራል አሁንም እዚያው አጠገቤ ናት። ወዲያው ቀኝ ባቴ ድንጋይ ሆነ፤ ክራምፕ። ዳይቭ ማስተሩ መጣና ጉልበቴን ዘርግቶ የፊንሱን ጫፍ ወደ እኔ ገፋው፤ ባቴ እየተሳበ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። (ብቻችሁንም ይቻላል፤ እግራችሁን ዘርግታችሁ ጫፉን ወደ ደረታችሁ መሳብ ነው።) ከዚያ በጣቱ የአለቱን ሥር አሳየኝ። ወረድ ብለን ከአለቱ ጀርባ ስንገባ ውሃው ጸጥ አለ።

ሒሳቡን ያስረዳኝ ጀልባ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። 1 ኖት የሚባለው ፍጥነት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው፤ የብስ ላይ የሽማግሌ እርምጃ። ባሕር ውስጥ ግን በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል፤ እንደኔ ያለ ተራ ጠላቂም ብዙ አይቋቋመውም። ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ ደግሞ እጥፍ ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ የውሃው መቋቋም አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ ለከረንት ነው» ቢላችሁ ከረንት ያሸንፋል ማለት እንዳይመስላችሁ። ጠንከር አድርጋችሁ መትታችሁ አለቱ ጥግ የምትደርሱበት ማለት ነው። ድርቅ ያለ ፊንስ ብዙ ውሃ ይገፋል፤ የሚገፋው ግን በእናንተ ባት ነው። ባታችሁ ካልቻለው መልሶ እናንተኑ ይመታችኋል።

አሁን ወደ ተረከዝ። አንደኛው ዓይነት እንደ ጫማ ተረከዝን ሙሉ ይሸፍናል፣ በባዶ እግር ነው የሚጠለቀው። ቀላል ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ከጀልባ ዘልላችሁ ሞቃት ባሕር ለምትገቡ ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው ተረከዙ ክፍት ነው፤ ቡቲ የሚሉትን የጎማ ጫማ መጀመሪያ ታደርጉና በማሰሪያ ታጠብቁታላችሁ። እኔ ወደዚህኛው የዞርኩት ስኑፒ ደሴት ነው። ከባሕር ዳርቻው በእግር ነው የሚገባው፤ አሸዋው በሙቀቱ ወራት ያቃጥላል፣ ድንጋዩ መካከል የባሕር ጃርት ተኮልኩሏል። በባዶ እግር አንድ ጊዜ ሞክሩትና ትነግሩኛላችሁ። ጥር ላይ ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ቡቲው እግር ያሞቃል። ማሰሪያው የብረት ሞላ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጀልባው እየተናጠ መሰላል ይዛችሁ በአንድ እጅ ሳብ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ። መሰላሉን ሳትይዙ ግን ፊንስ አታውልቁ!

መሐሉ ለሁለት የተሰነጠቀውስ ላላችሁኝ፦ ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛዬ ከእሱ ሌላ አታደርግም፤ እግር እያፈራረቁ ለሚመቱ ሰዎች በእርግጥ ይቀላል። ለእንቁራሪት ምት (እግርን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ከፍቶ መግፋት) ግን አይመችም፤ ወደኋላ ለመመለስማ ባታስቡት ይሻላል። እኔ የእንቁራሪት ምት ስለምወድ አጠርና ሰፋ ያለ የጎማ ፊንስ ይዣለሁ። ይህ ቅርጽ አዲስ አይደለም፤ ጄት ፊን የሚባለው በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሸጣል። የታችኛው አሸዋና ደለል የማይነሳው በእንቁራሪት ምት ነው። ደለል አስነስታችሁ ከኋላችሁ ለሚመጣው ሰው ባሕሩን ወተት ካደረጋችሁበት፣ ላይ ስትወጡ ሰላም አይላችሁም።

ጎማው ግን ከባድ ነው። ባሕር ላይ ወፍራም ልብስ ስለብስ እግሬ ወደ ላይ መንሳፈፍ ስለሚወድ ክብደቱ ይጠቅመኛል። ዲፕ ዳይቭ ዱባይ የሚባለው የመጥለቂያ ገንዳ ስሄድ ነው የተገላቢጦሽ የሆነብኝ። ጥልቀቱ 60 ሜትር፣ ውሃው ጨው የሌለው፣ ሙቀቱም 30 ዲግሪ ስለሆነ ስስ ልብስ ይበቃል። የባሕር ውሃ ጨው ከሌለው ውሃ በ3 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ያቺ ልዩነት ስትጠፋና ልብሱም ሲሳሳ እግሬ እንደ መልሕቅ ወደ ታች ጎተተኝ። አሁን እዚያ ስሄድ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ፊንስ እከራያለሁ።

«ላንጋኖ ላይስ?» ያልከው ወንድሜ፣ ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፤ የገዛ ፊንስህን ጫፍም አታየውም። ዋና ብቻ ዋኝበት።

ሱቅ ስትሄዱ ቡቲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ቡቲ የተለካ ክፍት ፊንስ ቤት ስትደርሱ እምቢ ይላል። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ እግር ያብጣል። ተቀምጣችሁ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፦ ከታጠፉ ጠቧችኋል፤ ተረከዛችሁ ወጣ ገባ ካለ ደግሞ ሰፍቷችኋል፣ በሁለተኛው ቀን ውሃ ይቋጥራል። ከተቻለ ሁለት ሦስት ዓይነት ተከራይታችሁ ከጠለቃችሁባቸው በኋላ ግዙ።

ከተጠቀማችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ውስጥ አጋድሙት፤ በጫፉ አቁማችሁ አትተዉት። ያን ጥቁሩን ፊንስ ባለፈው ነሐሴ መኪናዬ ኋላ ረስቼው ሰነበተ። አንደኛው ተጣሞ አሁን ወደ ግራ ነው የሚያየው። የጎረቤቴ ልጅ አሸዋ ይዝቅበታል።