ማኅበር ያለው ፈረስ

በአገራችን ፈረስ የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ካቋቋሟቸው ማኅበራት ስሙ የገነነው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። መቀመጫው እንጅባራ ሲሆን የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር።

ይህን የምጽፈው ከወላይታ ሶዶ ነው። የጋሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ያሳደገን በአንድ ቦራ ፈረስ ጉልበት ነው። ስለዚህ ስለ አገው ፈረሰኞች ስሰማ ደስታም ቅናትም ይይዘኛል።

የማኅበሩ መነሻ ዓድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከጀግኖቹ ጋር የዘመቱት ፈረሶች ውለታ እንዳይረሳ ተብሎ ተቋቋመ። ያን ጊዜ ፈረስ ስም ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ማኅበርተኛው በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ይወጣል። ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው የሚታየው በዚያ ቀን ነው። ባላገሩ ፈረሰኛ ጫማውን አውልቆ፣ ትንሿን የብረት እርካብ በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ይዞ ሲጋልብ ማየት ያስደንቃል።

ግን ማኅበሩን ከሰማንያ ዓመት በላይ ያቆየው የአንድ ቀን ትርኢት አይመስለኝም። ፈረሰኞቹ ሙሽራ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሽማግሌዎቻቸውም የተጣላ ያስታርቃሉ። በአጭሩ እድር ነው፤ እድር ደግሞ በቀላሉ አይፈርስም።

ወላይታም ለፈረስ ባዳ አይደለም። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ከመዋጋታቸው በፊትም ፈረስ የጦርና የክብር እንስሳ ነበር። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሰኛ ወደ ለቅሶው ሜዳ እየጋለበ ይገባል። ፈረስ በዞኑ ሁሉ እኩል አይገኝም። ወደ አባያና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ ቆላው የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ አገር ነው፤ ፈረስ የሚስማማው እንደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለ ደጋና ወይናደጋ ነው።

ከዚያ ጋሪ መጣ፤ ቀጥሎ ባጃጅ። ባጃጁ ገበያውን ሲወስድ ፈረሱ ለአሸዋና ለጡብ ጭነት ቀረ። አባቴ የፈረሳችን ጀርባ እንዳይላጥ የማዳበሪያ ጆንያ አጥፎ ከኮርቻው ሥር ያደርግ ነበር፤ ማታ ማታም ሰኮናውን አንስቶ ጠጠር ይለቅማል። ዛሬ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ በየመንገዱ አያለሁ። ባለቤቱ ጨካኝ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ፈረሱ ሲታመም የሚደርስለት ማኅበር ግን የለውም።

ሶዶ ዛሬ የክልል ከተማ ናት። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር እንግዳው ብዙ ነው፤ ፈረስ ያለው ሽማግሌና ጋሪ የሚነዳው ወጣትም አሉ። የሚጎድለው አባል መዝግቦ፣ መዋጮ ሰብስቦ፣ የእንስሳት ሐኪም የሚጠራ አንድ ኮሚቴ ነው። የእድር ዳኞቻችን፣ ይህን ለእናንተ የሚያስተምር የለም፤ ለመጪው ጊፋታ ጀምሩት።